ተጣጥፎ የሚሸጥ መልህቅ፤ ገበያው የሚመዝነው ሌላ፣ ባሕሩ የሚፈትነው ሌላ

የጀልባ ዕቃ በሚሸጥባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ሱቆች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ አንድ ዕቃ አለ። ሲታጠፍ የተዘጋ ጃንጥላ ይመስላል፤ ሲከፈት ደግሞ አራት የብረት ጥፍሮች ወደ አራት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ቀለበት ጥፍሮቹን እንደተከፈቱ ወይም እንደተዘጉ ቆልፎ ይይዛቸዋል። ይህ ለትንንሽ ጀልባዎች የሚሸጠው ተጣጣፊ መልህቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ ይሠራና ዝገት እንዳይበላው በዚንክ ይለበጣል። ለካያክ ከሚሆነው 0.7 እና 1.5 ኪሎ ጀምሮ በ2.5፣ በ3.2፣ በ4፣ በ6፣ በ8 እያለ እስከ 12 ኪሎ ድረስ በየመጠኑ ይገኛል።

በንግድ ዓይን ሲታይ ለዚህ ዕቃ እንከን አይወጣለትም። ታጥፎ በካርቶን ስለሚገባ በኮንቴይነር ሲጫን ባዶ ቦታ አያባክንም። ለቸርቻሪው መደርደሪያ አያጨናንቅም። ቅርጹ የማንም የባለቤትነት መብት ስላልሆነ በርካታ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት አድርገው ያመርቱታል፤ ውድድሩም በዋጋ ላይ ብቻ ነው። ለገዢውም ቢሆን ጥፍሩ ሲታጠፍ በአየር የሚነፋ ጀልባ አይበሳም፣ የፋይበርግላስ ወለል አይፍቅም፣ ከመቀመጫ ሥር ይገባል።

ይሁን እንጂ መልህቅ የሚገዛው ለመታጠፍ ሳይሆን ለመያዝ ነው። የትንሽ ጀልባ ሞተር በድንገት ቢጠፋና ነፋስ ወደ ዓለት ቢገፋት ያላት ብቸኛ ፍሬን መልህቋ ነው። በሰላሙ ቀን ዓሣ ለማጥመድ ወይም ምሳ ለመብላት መቆሚያ የነበረው ዕቃ፣ በክፉ ቀን የሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ገዢው የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የመገልገያ ዕቃ፣ ሌላው የኢንሹራንስ ውል። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ካርቶን፣ በአንድ ዋጋ መሸጣቸው ነው።

ለመሆኑ አንድን መልህቅ የሚያስይዘው ምንድን ነው? ማጠፍስ ከመያዝ አቅሙ ላይ ይቀንሳል?

ክብደቱ ነው ወይስ ቅርጹ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ጳውሎስን የያዘችው መርከብ በማዕበል ሌሊት ከኋላዋ አራት መልህቅ እንደጣለች ተጽፏል። የጥንት መርከበኞች ለመያዝ ጥያቄ የነበራቸው መልስ ይኸው ነበር፤ አንዱ ካልበቃ ሌላ መጨመር፣ ቀላሉ ካልያዘ ከባዱን መጣል።

በየአርማውና በየማኅተሙ ላይ የምናየው ባለ ሁለት ጥፍር መልህቅም ከዚህ አስተሳሰብ ብዙም አልራቀም። አንዱ ጥፍሩ መሬት ሲወጋ ሌላው ወደ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ጀልባዋ ስትዞርም ገመዱ በቆመው ጥፍር ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ከአናቱ በኩል ያለው አግዳሚ ዘንግ ደግሞ ለማስቀመጥ አስቸጋሪ ስለነበር፣ ለጀልባ የሚሠሩት አግዳሚያቸው ሾልኮ ከዋናው ዘንግ ጋር ጎን ለጎን እንዲተኛ ተደርገው ነው። ስለዚህ መልህቅን ማጠፍ የዛሬ ሐሳብ አይደለም።

ነገሩን በሒሳብ የመረመረው የካምብሪጁ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጂኦፍሪ ኢንግራም ቴይለር ነው። ቴይለር ሳይንቲስት ብቻ ሳይሆን በራሱ ጀልባ ረጅም ጉዞ የሚያደርግ ባሕረኛም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መልህቅ ቅርጹ በቀጥታ የበሬ ማረሻን ያስታውሳል፤ ሲጎተት እያረሰ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ መሬት ላይ አይንሸራተትም። ስሙን «ሲ.ኪው.አር.» አለው፤ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ ፈጠን ተብለው ሲነበቡ «አስተማማኝ» የሚለውን ቃል ድምፅ ይሰጣሉ። የቴይለር ትምህርት አጭር ነው። መልህቅን የሚይዘው የብረቱ ክብደት ሳይሆን ብረቱ የሚቀበርበት ጥልቀትና ከፊቱ የሚገፋው አፈር ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሐሳብ ከየት ገበያ እንደመጣ ነው። ቴይለር መልህቁን ሲያስብ በዓይኑ የነበሩት በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። አውሮፕላን የምትሸከመው እያንዳንዱ ኪሎ መልህቅ አንድ ኪሎ ጭነት ወይም ነዳጅ ያስቀራል። በመርከብ ላይ ነፃ የነበረው ክብደት በአውሮፕላን ላይ ዋጋ ወጣለት፤ ዋጋ ሲወጣለት ደግሞ የሚቆጥብበት ሰው ተገኘ። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ኖርዝሂል የተባለው መልህቅም በማይዝግ ብረት ቀልሎና ተጣጣፊ ሆኖ ለባሕር አውሮፕላኖች ቀርቧል።

ቀጥሎ የመጣው አሜሪካዊው ሪቻርድ ዳንፎርዝ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የነደፈው መልህቅ ሁለት ሰፋፊና ጠፍጣፋ ስለቶች ያሉት ሲሆን፣ ስለቶቹ በዘንጉ ግራና ቀኝ እንደ በር በማጠፊያ ላይ ይዞራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያራግፉ ጀልባዎች ይህንን መልህቅ ከኋላቸው ጥለው ወደ ዳርቻው ይጠጉና፣ ካራገፉ በኋላ ገመዱን ስበው ራሳቸውን ወደ ጥልቁ ውሃ ያወጡ ነበር። አሸዋ ላይ የተቀመጠን ጀልባ ጎትቶ ለማውጣት የበቃ መልህቅ ለመዝናኛ ጀልባ እንዴት ያንስ ይሆን ተብሎ ከጦርነቱ በኋላ የሲቪሉን ገበያ በሰፊው ያዘ።

ማጠፊያው የሚሠራው ለማን ነው?

የዳንፎርዝ መልህቅ ይታጠፋል፤ ባለ አራት ጥፍሩም ይታጠፋል። ልዩነቱ ማጠፊያው በሚሰጠው አገልግሎት ላይ ነው።

በዳንፎርዝ ማጠፊያው የሥራው አካል ነው። መልህቁ በየትኛውም ፊቱ ቢወድቅ ስለቶቹ ወደ መሬት አዘንብለው ከዘንጉ ጋር 32 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይሠራሉ። ገመዱ ሲሳብ ሁለቱም ስለቶች አብረው ይቀበራሉ። ሥራው ሲያበቃ ያው ማጠፊያ መልህቁን እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ አድርጎ ያስተኛዋል። ለባሕሩ የተሠራው መታጠፍ ለመደርደሪያውም ጠቀመ ማለት ነው።

በባለ አራት ጥፍሩ ግን ማጠፊያው የተሠራው ለመደርደሪያው ብቻ ነው። ከተከፈተ በኋላ ለመያዝ የሚጨምረው ነገር የለም። ጥፍሮቹ ታጥፈው ከዘንጉ ጋር እንዲገጥሙ ቀጭንና አጭር መሆን አለባቸው፤ ቀጭንና አጭር ጥፍር ደግሞ የሚገፋው አፈር ጥቂት ነው። ከአራቱም ጥፍሮች በአንድ ጊዜ መሬት የሚነኩት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የተገዙበት ብረት በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆማል። በዚህ ላይ ቀለበቱ በሚገባ ካልተቆለፈና በመንቀጥቀጥ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ጥፍሮቹ ሊዘጉ ይችላሉ። ለቦታ ብሎ የመያዝ አቅምን መሸጥ ይሏል ይህ ነው፤ ከቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ።

በዚህ ብቻ ግን ዕቃው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዓለታማ በሆነና የውሃ አረም በበዛበት ወለል ላይ ጉዳዩ መቀበር ሳይሆን መቆንጠጥ ነው። ሰፊው የዳንፎርዝ ስለት እዚያ አረሙ ላይ ይንሸራተታል፤ በስለቱና በዘንጉ መካከል ድንጋይ ከገባበትም መቆፈር ያቅተዋል። አራቱ ጥፍሮች ግን ከስንጥቁ አንዱን ያገኛሉ። ለካያክ፣ ለትንሽ የጎማ ጀልባ፣ ሰው ሳይለያት ለአንድ ሁለት ሰዓት ለምትቆም የዓሣ ጀልባ ተጣጣፊው ተስማሚ ነው። ሲይዝ ግን አንዳንዴ አልለቅም ይላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አጥማጆች ሰንሰለቱን ከታች ከጥፍሮቹ መገናኛ ጋር ያስሩና፣ ከላይ ከዘንጉ ቀለበት ጋር በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ ያያይዙታል። መልህቁ ዓለት ውስጥ ከተቀረቀረ በኃይል ሲሳብ ማሰሪያው ይበጠስና መልህቁ በግልባጭ ይወጣል። ይህ ዘዴ ብልህ ቢሆንም፣ ጀልባዋ በአንድ የፕላስቲክ ማሰሪያ እንደተያዘች መርሳት አይገባም። ዛጎላማ የኮራል ወለል ላይም ጥፍሩ የሚይዘው ሕይወት ያለውን ነገር ሰብሮ ስለሆነ እዚያ መጣሉ የሚያስከትለው ጉዳት አለ።

ማጠፊያ በራሱ ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ የቴይለር ማረሻ ታሪክ ነው። ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር መልህቁ እንዳይነቀል ተብሎ በዘንጉና በማረሻው መካከል መታጠፊያ ተደርጎለት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ይህንኑ መልህቅ ያመርት የነበረው የግላስጎው ሲምፕሰን ሎረንስ ኩባንያ ራሱ መታጠፊያ የሌለውን «ዴልታ» አወጣ። ክፍሎቹ ስላነሱ የሚያረጅ ቁልፍ የለውም፤ ሲጣልም በቀላሉ ይቀበራል። በሌላ በኩል የአሜሪካው ፎርትረስ ከአሉሚኒየምና ከማግኒዥየም ቅልቅል የሠራው መልህቅ ከመታጠፍ ይልቅ በብሎን ተፈታትቶ በቦርሳ ይገባል። የስለቱ ማዕዘንም ለአሸዋ 32፣ ለለስላሳ ጭቃ 45 ዲግሪ እንዲሆን ይስተካከላል። ቦታ የመቆጠብ ፍላጎትን ለማሟላት መንገዱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነፋስ የሚያወጣው ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር እንየው። የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት ባወጣው የታወቀ ሠንጠረዥ መሠረት 20 ጫማ ወይም 6 ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ መልህቋን በ41 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ትስባለች። ነፋሱ በእጥፍ ጨምሮ 56 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጉተታው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 163 ኪሎ ይሆናል። በ78 ኪሎ ሜትር ነፋስ ደግሞ 327 ኪሎ ይደርሳል። ምክንያቱ የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር መሆኑ ነው።

አሁን 3.2 ኪሎ የሚመዝን ተጣጣፊ መልህቅ እንውሰድ። በሁለተኛው ነፋስ ጀልባዋን ለመያዝ ከራሱ ክብደት ከ50 እጥፍ በላይ መያዝ አለበት፤ በሦስተኛው ከ100 እጥፍ በላይ። ዓለት ከቆነጠጠ ሊችለው ይችላል። ንጹሕ አሸዋ ላይ ከሆነ ግን ያቺን ቀጭን ጥፍር ይዞ ይህን ያህል ይሸከማል ብሎ መተማመን ዘበት ነው። በቀላሉ ነፋስ ለምሳ ዕረፍት የበቃው መልህቅ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ለምን እንደሚለቅ ሠንጠረዡ በግልጽ ይነግረናል።

የገመዱም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። መልህቅ የሚቀበረው ጉተታው ወደ ጎን ሲሆን ነው፤ ወደ ላይ ከተሳበ ይነቀላል። ስለዚህ የተለመደው ደንብ የውሃው ጥልቀትና የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃ በላይ ያለው ከፍታ ተደምሮ፣ ገመዱ የዚያ 7 እጥፍ እንዲሆን ያዛል። ለአጭር ዕረፍት 3 እጥፍ ይፈቀዳል። ከመልህቁ ቀጥሎ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ማድረግም ዘንጉ መሬት ላይ እንዲተኛ ይረዳል። እኛ በምናውቀው ውሃ ብናሰላው፣ የጣና ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ለጀልባዋ አፍንጫ ብንጨምር 15፣ በ7 ሲባዛ 105 ሜትር ገመድ ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር በአንድ ከረጢት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የካያክ መልህቅ እናነጻጽር። 1.5 ኪሎ ገደማ ካለው መልህቅ ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገመድ 10 ሜትር ያህል ነው። በ7 እጥፉ ደንብ ይህ ገመድ የሚያገለግለው 1 ሜትር ተኩል ላልሞላ ጥልቀት ነው። በለዘብተኛው የ3 እጥፍ ደንብ እንኳ ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም። ገመዱ የተቆረጠው በከረጢቱ መጠን እንጂ በውሃው ጥልቀት አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገዢ የማያየው ጥራት

ታዲያ ገበያው ራሱን ለምን አያርምም? ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪኖች ገበያ በጻፈው ጥናት የሰጠው ማብራሪያ እዚህም ይሠራል። ሻጭ የሚያውቀውን ጥራት ገዢ ማየት ካልቻለ፣ ገዢው ለጥሩውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ብቻ መክፈል ይፈልጋል። ጥሩውን ይዞ የመጣ ነጋዴ ከሰረ ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለርካሹ ይለቀቃል። አከርሎፍ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የመልህቅ ገዢ በሱቅ ውስጥ ማየት የሚችለው ሦስት ነገር ነው፤ ክብደቱን፣ መታጠፉንና ዋጋውን። መያዙን ማየት አይችልም። ከገዛው በኋላም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ክፉ ነፋስ ላይገጥመው ይችላል፤ ያለ ፈተና ያለፈውን ዕቃም «ጥሩ ነው» ብሎ ለጓደኛው ይመክራል። ሲፈተን ደግሞ ቅሬታ ለማቅረብ ሱቅ የመመለስ ዕድሉን ላያገኝ ይችላል።

ሕጉም ቢሆን ክፍተቱን አይሞላም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የመዝናኛ ጀልባዎች መመሪያ ጀልባ ለመልህቅ፣ ለማሰሪያና ለመጎተቻ ጉተታ የሚችል ጠንካራ ማሰሪያ ነጥብ እንዲኖራት ያስገድዳል። ገመዱ የሚታሰርበት ብረት ደረጃ ወጥቶለታል ማለት ነው፤ በገመዱ ጫፍ የሚንጠለጠለው መልህቅ ግን በዚህ አንቀጽ አልተነካም። እንደ ለንደኑ ሎይድስ ሬጂስተር ያሉ የመርከብ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች ግን መለኪያ አላቸው። አንድ መልህቅ «ከፍተኛ የመያዝ አቅም» ያለው ለመባል በተመሳሳይ ክብደት ካለው ከተራው የመርከብ መልህቅ ቢያንስ ሁለት እጥፍ፣ «እጅግ ከፍተኛ» ለመባል አራት እጥፍ መያዝ አለበት። ይህ የምስክር ወረቀት በባሕሩ ፈተና የሚገኝ በመሆኑ ወጪ አለው። ስም የሌለው ርካሽ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ወጪ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም።

ፈተናም ቢሆን ማን እንደከፈለበት መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ቼሳፒክ ወሽመጥ ለስላሳ ጭቃ ላይ የልዩ ልዩ አምራቾች መልህቆች ሲፈተኑ፣ ወጪውን የሸፈነው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው ፎርትረስ ነበር። ውጤቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ፈተናው በታዛቢዎች ፊት የተካሄደ ነው። ነገር ግን የጭቃ ፈተና ለጭቃ የሚስተካከል ስለት ላለው ኩባንያ እንደሚመች ግልጽ ነው። በዓለት ላይ ቢሆን ኖሮ የደረጃው ቅደም ተከተል ሌላ በሆነ ነበር።

ውድ ዕቃ መግዛትም ብቻውን መድን አይሆንም። ኒውዚላንዳዊው ፒተር ስሚዝ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ ገበያ የገባው ሮክና የተባለ የማይታጠፍ መልህቅ በመያዝ አቅሙ ትልቅ ስም አግኝቶ ነበር። ምርቱ ወደ ቻይና ከተዛወረ በኋላ የአንዳንዶቹ ዘንግ ማስታወቂያው ከሚለው ጥንካሬ ባነሰ ብረት መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ አነጋገረ። የማምረት መብቱም በዚያው ዓመት ወደ አንድ የካናዳ ኩባንያ ተላለፈ። ንድፉ አልተለወጠም፤ ቀለሙም ቅርጹም ያው ነበር። የተለወጠው ገዢው በዓይኑ የማያየው የብረቱ ዓይነት ነው።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ውስብስብ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይታጠፋል ወይ?» ሳይሆን «የምጥልበት ወለል ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ዓለትና አረም ከሆነ ባለ አራት ጥፍሩ፣ አሸዋና ጭቃ ከሆነ ሰፊ ስለት ያለው ይመረጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ማጠፊያውን ይመለከታል። ቀለበቱ ጥፍሮቹ ተከፍተው እያሉ ሲነቀነቅ ይላላል? ቁልፉ ዝገት የሚችል ነው? በሚታጠፍበት ቦታ አሸዋ ቢገባ በእጅ መታጠብ ይችላል? ሦስተኛው፣ ከመልህቁ ጋር የሚሸጠው ገመድ ስንት ሜትር ነው የሚለው ሲሆን፣ ሒሳቡን ከላይ ባየነው ደንብ ማንም ሰው በወረቀት ጫፍ ሊሠራው ይችላል።

አቅሙ የፈቀደለት ጀልባ ያዥ ደግሞ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ላያስፈልገው ይችላል። ጠፍጣፋ ስለት ያለው መልህቅ ለዋናነት፣ ተጣጣፊው ደግሞ ለአጭር ማረፊያና ለመጠባበቂያ ቢያዙ ሁለቱም አብረው ከመቀመጫ ሥር ይገባሉ። ዳንፎርዝ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ባለ አራት ጥፍሩ ይታጠፋል። የሁለቱ ድምር ዋጋ ከጀልባዋ ሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ግን ጀልባዋ ላይ ከተገዛው ዕቃ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ይኸው ብረት ብቻ ነው።